የወሲጡ ክፍያ

በዐረብኛ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ውስጥ ከተሰለፉት ቁጥሮች መሃል ላይ የሚገኘው «ወሲጥ» ይባላል። ቢሯችን ባለበት በሱዳኑ ሾዋክ አውቶቡስ መናኸሪያ ደግሞ ወሲጥ ማለት ደላላ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ሙዳሲር ሁለቱንም ያውቃል። አባቱ የመተማ ሰው ቢሆኑም እሱ ገዳሪፍ ተወልዶ ገዳሪፍ ያደገ ነው። ወረቀቱን ወደ ዐረብኛ ሲመልስልኝ ግን ያሰበው መጽሐፉን ብቻ ነበር። እኔም አልጠየቅኩትም። ወረቀቱ በዚያው ቀን መለጠፍ ነበረበት፤ እኔ ደግሞ የሚጓተት ነገር አልወድም።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው። በክረምቱ የአረም ወቅት በገዳሪፍ ዙሪያና በፋሽጋ እርሻዎች የቀን ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚከፈለው ይናገራል። በአንድ በኩል የሥራው ዓይነት አለ፤ አራሚ፣ ትራክተር ነጂ፣ ጆንያ ተሸካሚ፣ ዘበኛ፣ ወጥ ሠሪ። ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ አንዱ አማካይ፣ አንዱ ወሲጥ። የምሠራበት የእርዳታ ድርጅት ይህን የሚለጥፈው ስደተኛው ሎሪ ላይ ከመውጣቱ በፊት የገበያውን ዋጋ አውቆ እንዲደራደር ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሎሪ ላይ ሆኖ የሚደራደር ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

በተለጠፈ ማግስት ጠዋት አደይ መብርሂት ሻንጣቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ።

አደይ መብርሂት የሓፍቶም እናት ናቸው። ሓፍቶም እጮኛዬ ነበር፤ ወይም ነው። የግሱን ጊዜ እስካሁን አልወሰንኩም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን፤ እኔ ስታቲስቲክስ፣ እሱ ሶሺዮሎጂ። የመመረቂያ ጽሑፌን ቁጭ ብሎ ያረመልኝ እሱ ነው፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አያልፍም። ኋላ ጦርነቱ ሁላችንንም ከሑመራ ወደዚህ ገፋንና ኡም ጋርጉር ካምፕ ውስጥ ጎረቤት ሆንን። ከሁለት ክረምት በፊት አንድ ደላላ ሎሪ ይዞ ካምፑ በር ላይ ቆመ። ሰሊጥ የሚያርም ይፈልጋል። ስሙን ጠየቅነው፤ «አነ ወሲጥ»፣ ደላላ ነኝ፣ አለን፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ወሲጡ ሆነ። ሓፍቶም ሎሪው ላይ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እስካሁን ያንቺን ጽሑፍ በነጻ ሳርም ኖርኩ። ለአራሚ የሚከፍል አገር ተገኘ» አለኝ። ሳቅኩ። ለመስከረም እመለሳለሁ ስላለ ሌላ የመሰናበቻ ቃል አላስፈለገንም።

መስከረም ላይ በሰው ስልክ ደውሎ አጨዳውንም ሊሠራ እንደሆነ ነገረን። እርሻው የት ነው ስንለው «ከወንዙ ማዶ» አለ። ከወንዙ ማዶ ያለው ፋሽጋ ነው፤ ፋሽጋ ደግሞ ዓይን የማይጨርሰው ሜዳ ነው። ከዚያ በአገሩ ሁሉ ኔትወርክ ጠፋ። ኔትወርኩ ሲመለስ እሱ አልተመለሰም። የደወለበት ስልክ አይሠራም። የትኛው እርሻ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ወሲጡ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ በር ዳግመኛ አልታየም።

አደይ መብርሂት ቢሮ በገቡ ማግስት ሊሄዱ ነበር። ልጃቸው ኣኽበረት ሽሬ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች፤ አጠገቧ ማንም የለም። በጋላባት አድርገው፣ መተማን ተሻግረው፣ በጎንደር በኩል እንዲደርሱ ወንበሩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ለማሳመን አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

«አውቶቡሱን ተውኩት» አሉኝ ሻንጣውን መሬት እያስቀመጡ።

«ተውኩት ምን ማለት ነው?»

«ወንበሩን ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ወሲጡን ካገኛችሁት እኔ ወዴት ነው የምሄደው?»

ሙዳሲር ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን አነሳ።

«ማንን ነው ያገኘነው፣ አደይ?» አልኩ።

«አትደብቂኝ፣ ጓለይ። ግድግዳችሁ ላይ ለጥፋችሁት። ዘኪያ አነበበችልኝ።»

ዘኪያ ከግድግዳችን ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ዐረብኛ ከሙዳሲር በላይ ታቀላጥፋለች። አደይ መብርሂት ጣታቸውን ወደ ውጭ ቀሰሩ። «ከአራሚ ጎን የወሲጡ ክፍያ ይኸን ያህል ነው ይላል። ክፍያውን ካወቃችሁ ሰውየውን አግኝታችሁታል። ሳታገኙት ማን ነገራችሁ?»

«እሱ ሰው አይደለም። ቁጥር ነው።»

«ቁጥር ከሆነ በሰው ስም ለምን ጠራችሁት?»

ሙዳሲርን አየሁት። እሱ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ አየ።

«ቃሉ ትክክል ነው፣ ያ ፊዮሪ» አለኝ ቀስ ብሎ። «መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው።»

«መጽሐፉን ከወረቀቱ ጎን ለጥፈው እንግዲያ።»

እጃቸውን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ። በቁጥር ማስረዳት እንደማይሆን ገብቶኛል። ከቢሮው ፊት ለፊት ኒም ዛፍ ሥር ቀጣሪ የሚጠብቁ ሰዎች ሁልጊዜ አይጠፉም። ትናንት ሠርተው ክፍያ ያገኙትን ብቻ አስነሳሁ።

«በደረሳችሁ የውሚያ ተሰለፉ» አልኳቸው። የውሚያ የቀን ክፍያ ነው፤ እዚህ አማርኛ ተናጋሪውም እንዲሁ ይለዋል። «ትንሽ ያገኘ በዚህ በኩል፣ ብዙ ያገኘ በዚያ በኩል።»

«ልትጨምሪልን ነው?» አለ ተሻለ የሚባል የአርማጭሆ ሰው፣ ቀይ ጭቃ የደረቀበት ቦቲ አድርጎ።

«አይደለም።»

«እንዲያው ለመቆም ነው እንዴ? ቀጣሪ መጥቶ ቢያመልጠንስ?»

«ቀጣሪ ከመጣ ተሰልፋችሁ ስላገኛችሁ ይደሰታል» አለች ዘኪያ ከሻይዋ ማንቆርቆሪያ ጀርባ።

እየተገፋፉ፣ እየተጠያየቁ ተሰለፉ። የሚዋሽም ነበረበት፤ አንዱ ትንሽ አገኘሁ ሲል ጎረቤቱ አጋለጠውና ወደ ላይ ገፉት። መጨረሻ ላይ፣ ከብዙ ያገኘው ጫፍ፣ የትራክተር ነጂ ቆመ። ከሁሉም በጣም ይበልጣል።

«ይኸ ሰውዬ ባይኖርና የሁላችሁ ገንዘብ አንድ ላይ ተደርጎ እኩል ቢካፈል፣ ይህን ያህል ይደርሳችኋል» አልኳቸው። «እሱ ሲገባ ድርሻው ለሁሉም ከፍ ይላል። ያ ድርሻ ነው አማካይ የሚባለው።»

«አማካይ መሃል ሜዳ ላይ ኳስ የሚያቀብለው አይደለም?» አለ አንዱ።

«ነጂው ካቀበለን አማካይ ነው» አለ ተሻለ።

«አላቀብልም» አለ ነጂው።

«አየሽ? በወረቀት ላይ ከፍ ብሎልናል፣ ኪሳችን ግን ያው ነው።»

«ለዚህ ነው ሌላ ቁጥር የምናስቀምጠው» አልኩ፤ ነገሩ ስለገባው ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ እያልኩ አስቀመጥኳቸው። መጨረሻ ላይ ብቻውን ቆሞ የቀረው ተሻለ ሆነ። «ከሱ በታች ያገኙትና ከሱ በላይ ያገኙት እኩል ናቸው። ነጂው የትናንቱን እጥፍ ቢያገኝ እንኳ ይኸ ሰው ካለበት አይነቃነቅም። ወሲጥ ማለት ይኸ ነው፣ አደይ። የሱ ክፍያ ነው የተጻፈው።»

አደይ መብርሂት ወደ ተሻለ ሄደው እጁን ያዙት።

«አንተ ነህ?»

«ምኑን፣ እማዬ?»

«ወሲጡ።»

ኒሙ ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ተሻለ አልሳቀም፤ እጁን ሊያስለቅቅም አልሞከረም። «ወሲጥ የሚበላኝ ሰው ነኝ እንጂ ወሲጥስ አይደለሁም።»

«ወሲጥ በዚህ የውሚያ አንድ ቀን አያድርም፣ ኻልቲ» አለች ዘኪያ። «እኔም ሳነብልዎ ለእንዲህ ያለ ሌባ አነሰበት ብዬ ነበር።»

«ፋሽጋ ሠርተሃል?» አሉት አደይ መብርሂት፣ ሳቁን እንዳልሰሙ።

«ሠርቻለሁ።»

«ሓፍቶም የሚባል፣ ረጅም፣ ሲናገር እጁን የሚያወራጭ፣ የተማረ ልጅ አላየህም?»

ተሻለ አሰበ፤ ለማስደሰት ሳይሆን ከልቡ አሰበ። «እማዬ፣ እዚያ እንዲህ ነው። አንዱ እርሻ ያለው ሰው የሌላውን እሳት በሩቁ ያያል እንጂ ማን እንደሆነ አያውቅም። አላየሁም።»

እጁን ለቀቁት። ሰዎቹ ወደ ጥላው ተመለሱ፤ እኛ ዘኪያ አጠገብ ዝቅ ያሉት ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ስለ አውቶቡሱ ወንበር ማሰብ ጀምሬ ነበር። ወንበሩን የሰጡት ለማን ነው፣ ትኬት ቆራጩ የት ይገኛል፣ ዘኪያ ታውቀዋለች።

«እንግዲያው በወረቀቱ ላይ ያለውም ሰው ነው» አሉ አደይ መብርሂት።

«ምን አሉኝ?»

«አራሚዎቹን እንዲህ አሰልፋችሁ መሃል ላይ የቀረውን ጻፋችሁ። ቁጥር ነው አልሽኝ እንጂ ሰው ነው። ቆሟል፤ ሠርቷል፤ ተከፍሎታል።»

የጠየቅናቸው አራሚዎች ብዛት ለሁለት እኩል አይከፈልም ነበር። ስለዚህ ትክክል ናቸው፤ አንድ ሰው ነው።

«ሰው ነው» አልኩ።

«ሓፍቶምም ሊሆን ይችላል እንግዲህ።»

አይችልም። እኔ አውቃለሁ። ቅጹ ስም አይጠይቅም፤ ሳዘጋጀው ግን «የተማሩት የትምህርት መስክ» የሚል ጥያቄ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ ከናይሮቢ ደውላ ሰሊጥ የሚያርም ሰው የትምህርት መስክ ለምን እንደሚያስፈልገን ጠየቀችኝ። ትምህርት ክፍያን ይለውጥ እንደሆነ ለመለካት አልኳት፤ ተስማማች። ቅጹ ረዘመ ብላም እሷ ሌላ ጥያቄ ሰረዘች፤ «ወደዚህ ሥራ ያመጣህ ማነው?» የሚለውን። መረጃው ከየእርሻው ተሰብስቦ ሲገባ ክፍያውን ከማየቴ በፊት የትምህርቱን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። ግብርና ነበር፣ ሒሳብ አያያዝ ነበር፣ አንድ ነርስ ነበር። ሶሺዮሎጂ የሚል አልነበረም። ቀጥሎ ወደ ክፍያው ሄድኩ፤ ሥራዬን ጨረስኩ።

«አደይ፣ እሱ አይደለም» አልኳቸው። «ከጠየቅናቸው ውስጥ የለም። አይቻለሁ።»

ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ፈልገሽዋል።»

«ፈልጌዋለሁ።»

«ለኔ አልነገርሽኝም።»

«የሚነገር ስላልነበረ ነው።»

ዘኪያ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አስቀመጠችልን፤ ማንም አላዘዛትም። አደይ መብርሂት ስኳሩን እያማሰሉ ቆዩ። እኔ ስለ እሳቸው ልጅ የማላስብ ድንጋይ እንደሆንኩ ያስቡ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ፊታቸው ላይ ያ ሐሳብ ሲለቅ አየሁት። ካምፑ ውስጥ ስሙን የማላነሳው ስለማላስበው አልነበረም። ስሙ ሲነሳ ሁሉም ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ድምፅ ዝቅ የሚደረገው ደግሞ ለሞተ ሰው ነው።

«ፋሽጋ ያለውን እርሻ ሁሉ ጠይቃችኋል?» አሉኝ።

«ሁሉንማ አይቻልም። ናሙና ነው የሚባለው። ከአሥር እርሻ አንዱ ይወጣል፤ እሱ ላይ ያሉት ይጠየቃሉ።»

«ዘጠኙስ?»

«ዘጠኙ አልተጠየቁም።»

«እንግዲያው የለም አትበይኝ።»

ጠያቂዎቻችንን ሳሠለጥን በዚህ ነገር ስንቱን ተቆጥቻለሁ። ናሙናው ውስጥ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስምሬበታለሁ። ጽሑፉ ለእኔም እንደሆነ አላሰብኩም ነበር። በዚያ ዓምድ ሶሺዮሎጂ የሚል ካጣሁበት ቀን ጀምሮ በውስጤ አንድ ነገር ዘግቼ ነበር።

«አልልም» አልኳቸው። «አልተጠየቀም ነው የምለው።»

«ልጠብቀዋ» አሉ።

«ቢጠብቁ ምን ይለወጣል? እርስዎ ኡም ጋርጉር ተቀምጠው አንድም እርሻ አይጠየቅም። ኣኽበረት ብቻዋን ትወልዳለች። የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ለአጨዳው እንደገና እንወጣለን።»

«እነዚያኑ እርሻዎች?»

«አይደለም፤ አዲስ ዕጣ ይወጣል።»

«ማን ያወጣዋል?»

«ኮምፒውተር።»

«ለኮምፒውተር ጸሎት ይደርሰዋል?»

«አይከለከልም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሻያቸውን ጨልጠው ጠጡና፣ «ወሲጡንስ ትጠይቂያለሽ? ማን አመጣህ ትያቸዋለሽ?» አሉኝ።

«ጥያቄው ነበረ፤ ወጥቷል።»

«መልሺው።»

ዘኪያ ትኬት ቆራጩን በስሙ ጠራችው፤ መናኸሪያውን አቋርጦ እስኪመጣ ድረስ አልተወችውም። የተሰጠው ወንበር ተሰጥቷል፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ አለ። ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ ከሹፌሩ ጀርባ፣ መተላለፊያው ላይ በሚዘረጋው ወንበር ተስማማን። አደይ መብርሂት ያን ሌሊት እኔ ጋ አደሩ፤ ሲነጋ ሸኘኋቸው። መስኮት ስላልነበራቸው በሰው ትከሻ መሃል ብቻ አየኋቸው። አውቶቡሱ ሲነሳ፣ «ዕጣው ሲወጣ ደውይልኝ» ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ሎተሪ መስሎት ሁሉም ዞሮ አየኝ።

በዚያው ጠዋት ለአለቃዬ ደወልኩ። ደላላው ከየውሚያው ላይ እንደሚቆርጥ፣ የሚቆርጠው ካልታወቀ ሰንጠረዡ የገበያውን ዋጋ እንጂ ሰው እጅ የሚገባውን እንደማያሳይ ነገርኳት። ሁሉም እውነት ነው። እሷም እውነት መሆኑን ታውቃለች።

«ግን ቅጹ ከዚህ በላይ አይረዝምም» አለች። «አንዱን ካስገባሽ አንዱን ታወጫለሽ።»

ዝርዝሩን ፊቴ ዘርግቼ ነበር። ዕድሜ ሊወጣ አይችልም። የሥራው ዓይነት አይወጣም። የሰዓቱ ብዛትም፣ በእህል ወይም በጥሬ ገንዘብ መከፈሉም ያስፈልጋል።

«የትምህርት መስኩ ይውጣ» አልኳት።

«ተጽዕኖውን እለካለሁ ብለሽ አልነበረም?»

«ለክቼዋለሁ። ለውጥ የለውም።»

ስልኩን ዘጋሁ። በዚያ ጥያቄ የምፈልገው ጎንደር የማውቀውን ልጅ ነበር፤ ነጠላ ሰረዝ የሚያርመውን። ከሁለት ክረምት በኋላ አንድ የማያውቀው ሰው ቅጽ ይዞ ሰሊጥ መሃል ቆሞ ምን ተማርክ ቢለው፣ ሶሺዮሎጂ ብሎ ይመልሳል? ሓፍቶምን አውቀዋለሁ። አራሚ ነኝ ብሎ ያልፋል፤ በራሱ ቀልድም ብቻውን ይስቃል። ምናልባት አንዱ ቀን ከፊታችን ቆሞ እንደዚያ ብሎ አልፏል።

ሙዳሲር የግድግዳውን ወረቀት ቀየረው። ወሲጥ የሚለውን አጥፍቶ «ከመሃል የቆመው ሰው ክፍያ» ብሎ በዐረብኛ ጻፈ። ርዝመቱ ከዓምዱ ይወጣል፤ ፊደሉን አሳንሶ አስገባው። ተሻለ ወረቀቱ ሥር እየቆመ ለመጣው ሁሉ ያ ሰውዬ እሱ እንደሆነ ያወራ ነበር።

ዕጣው የወጣው አጨዳው በተጋመሰ ጊዜ ነው። ለአደይ መብርሂት ደወልኩ። ኣኽበረት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ከስልኩ ጀርባ ስታለቅስ ይሰማል። የእርሻዎቹን ስም አንድ በአንድ አስነበቡኝ። አንዱንም አያውቁትም፤ ሁሉንም አስደገሙኝ።

ቢሮ መቀመጥ እችል ነበር፤ ጠያቂዎች አሉን። ከነሱ ጋር ፒካፑ ላይ ወጣሁ። ወንዙን ተሻግረን ፀሐይ ሳይበረታ የመጀመሪያው እርሻ ደረስን። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው እርስ በርስ ተደጋግፎ በየቦታው ቆሟል። አንድ ዓይኑ የቀላ አጫጅ ነዶ እያሰረ አገኘሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዕድሜ፣ ሥራ፣ የውሚያ፣ ሰዓት። ቸኩዬ ነበር፤ ድምፄ እንዳይቸኩል እየጠበቅኩት ነው የጠየቅኩት።

«ወደዚህ ሥራ ያመጣህ ማነው?»

«ወሲጥ።»

«ስሙ ማነው?»

ነዶውን አጥብቆ አሰረ። «እኛ ወሲጥ ነው የምንለው። ሌላ ስም አልነገረንም።»

ጻፍኩት። ፊደሉ ትልልቅ ሆኖ ወጣ።

«ሌሎች ሰዎችም አምጥቷል?»

ይህ ቅጹ ላይ የለም። ሰውዬው በአገጩ ወደ ምሥራቅ አመለከተ፤ ከነዶዎቹ ባሻገር አንድ የዛፍ ጥላና የቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ይታያል። «የፊተኞቹን እዚያ ነው የጣላቸው። የቀረ ካለ እዚያ ነው።»

የዕጣውን ዝርዝር አላወጣሁም። በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ያ እርሻ ዕጣ ከደረሳቸው አይደለም፤ ከዘጠኙ ነው። ሹፌሩ ወደሚቀጥለው ሊወስደን ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ሰውዬው የቀሩት ጥያቄዎች ነበሩበት፤ ጎደሎ ቅጽ ደግሞ አይቆጠርም። እስከ መጨረሻው ጠየቅኩት፤ መለሰልኝ፤ አመሰገንኩት። ከዚያ ለሹፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገርኩትና በነዶዎቹ መሃል ወደ ቆርቆሮው ሄድኩ።